መልቀቂያና ዋስ፦ የጠብ ታሪክ ስላለው ተጫዋች አመላመል

አንድ የእግር ኳስ ቡድን፣ ተሰጥኦውን ሁሉም የሚመሰክርለት፣ ነገር ግን ከዚህ ቀደም ሰው ደብድቦ ወይም አቁስሎ የሚያውቅ ወጣት ቢያገኝ ሊያስፈርመው ይገባልን? የመጽሔታችን አዘጋጆች ይህን ጥያቄ በታሪክ በኩል እንድመረምረው አደራ ሲሰጡኝ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ጉዳዩ በአገራችን ምን ያህል ያረጀ መሆኑ ነው። ያረጀውን ያህል ግን በግልጽ ተጠይቆ አያውቅም። በሜዳ ዳር በሹክሹክታ ይነሣል፤ ፊርማው ሲፈጸም ይረሳል።

ነገሩን ከነፋስ ስልክ ብጀምረው ደስ ይለኛል። ነፋስ ስልክ ስሙን የወረሰው ያለ ሽቦ ከሚያነጋግረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው በኋላ ፋብሪካዎች፣ ከፋብሪካዎቹ ጋር ደግሞ የሠራተኛ መንደሮች ተስፋፉ። ዛሬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ በተባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ከጎፋ እስከ መካኒሳ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ድረስ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የሠፈር ውድድር አለ። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ የተመልካቹ ጩኸት፣ በድንጋይ የተከለለው ጎል ለአባሎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። መልማይ ወደዚህ ሜዳ ሲመጣ አስቀድሞ የልጁን ዕድሜ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ ይመለከታል። ስለ ጠባዩ የጠየቀ እንደ ሆነ «ትንሽ ኃይለኛ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። «ኃይለኛ» በሠፈር ቋንቋ ሰፊ ቃል ነው። ኳስ ለማስጣል የማይሰንፍ ተከላካይም ኃይለኛ ይባላል፤ አምና የጎረቤቱን ልጅ በሴንጢ የወጋውም ኃይለኛ ይባላል። መልማዩ የትኛው እንደ ሆነ አጥብቆ አይጠይቅም፤ የሠፈሩ ሰውም አጥብቆ አይነግረውም።

የዚህ ዝምታ ሥር ከእግር ኳሳችን አጀማመር ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አማካይነት ሲመሠረት፣ ኳስ መጫወት በብዙ ወላጆች ዘንድ የሥራ ፈት ነገር ነበር። ልጁ ከትምህርት ወይም ከእጅ ሥራ ቀርቶ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የታየ እንደ ሆነ፣ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ ዱርዬ። ይህ ስም ለኳስ ተጫዋች የተሰጠው ሰው በመምታቱ ወይም በመስረቁ ምክንያት አልነበረም። ኳስ በመጫወቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞችና የቡድን ኃላፊዎች አንሥቶ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሙያችን ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ ተጫዋቾቹን ከዚህ ስም መከላከል ሆኖ ቆየ። «ልጆቻችን ዱርዬዎች አይደሉም» ስንል ኖርን፤ እውነታችንንም ነበር። ነገር ግን ሁሉንም በአንድነት መከላከል የለመደ አፍ፣ ከመካከላቸው አንዱ በእርግጥ ሰው ጎድቶ ሲገኝም ያንኑ መልስ ይሰጣል። የሐሰት ስድብን ለመቃወም የተገነባው አጥር ለእውነተኛው ክስም መከለያ ሆነ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱ ደግሞ ይበልጥ ክቡር ነው። ጣልያን አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ የነጩና የጥቁሩ ጨዋታ ተለያየ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጆችም «ሊቶርዮ ውቤ ሠፈር» በሚል በተጫነባቸው ስም እንዲጫወቱ ተደረገ። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የአዲስ አበባ ውድድር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ኢትዮጵያውያንን፣ አርመኖችን፣ ግሪኮችን፣ ጣልያኖችንና የእንግሊዝ ጦር ልዑካንን የሚወክሉ ነበሩ፤ ሰው በትውልዱ ማልያ ይለብስ ነበር ማለት ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያ ከግብፅና ከሱዳን ጋር ሆና በዚህ አቋም ጸናች፤ በዚያ የምሥረታ ጉባኤ ላይ ከተገኙት አንዱ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትነት ይህንኑ ትግል መርተዋል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈው ብሔራዊ ቡድናችን አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። አባቱ ጣልያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። እንደሚተረከው፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው ክልስ የሆነ ሰው መሆኑን ያልወደዱ ባለሥልጣኖች ነበሩ፤ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ግን በአምበላቸው ጸኑ፤ ዋንጫውንም ሉቻኖ ተቀበለ። ልብ በሉ፣ በዚያ ቀን የተጠየቀው የሉቻኖ የእጁ ሥራ አልነበረም፤ የአባቱ ደም ነበር። የተሰጠው መልስም ትክክለኛ ነው፤ ሰው በትውልዱ ከሜዳ አይገለልም።

እንግዲህ የእግር ኳሳችን ታላላቅ ሰዎች ያወረሱን መርሕ ይህ ነው። እኛ ግን መርሑን ስንወርስ ሳናስተውለው ለጠጥነው። «የማንም ልጅ ይሁን፣ ኳስ ከቻለ ይግባ» የሚለው፣ ቀስ በቀስ «ምንም ያድርግ፣ ኳስ ከቻለ ይግባ» ወደሚል ተለወጠ። ትውልድና ሥራ ግን አንድ አይደሉም። ሰው አባቱን አይመርጥም፤ ቡጢውን የሚሰነዝርበትን ሰው ግን ይመርጣል።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ተቋማት ቡድኖች ጥቂት ልበል። ለረዥም ዘመን የአገራችን ታዋቂ ቡድኖች ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ፤ የጦር ሠራዊቱ መቻል፣ የአየር ኃይሉ ንብ፣ እንዲሁም የፖሊሱ ኦሜድላ። የመጨረሻው ስሙን ያገኘው ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉበት የድንበር ስፍራ ነው። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ መመልመል ማለት በቃሉ ሙሉ ትርጉም መመልመል ነበር። ልጁ ማልያውን ከመልበሱ ጋር መለዮ ይለብሳል፤ ደመወዝ፣ አለቃ፣ የጥበቃ ተራና የቅጣት ደንብ ይጠብቁታል። ጠበኛ ልጅ ያላቸው ወላጆች «ወታደር ቤት ይግባና ሰው ይሁን» ሲሉ የሚያምኑት ነገር በቡድኖቹም ዘንድ ይታመን ነበር፤ ሰፈሩ ያልገራውን ካምፑ ይገራዋል። እምነቱ ፍጹም ስሕተት ነው አልልም። ሥርዓት ለብዙ ወጣት ጠቅሟል። ነገር ግን ካምፕ የሚያስተምረው ለአለቃ መታዘዝን ነው፤ አለቃ በሌለበት፣ በሌሊት፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ ያ ሰው ምን እንደሚሆን ካምፑ አይጠይቅም ነበር። የፋብሪካና የባንክ ቡድኖችም ከዚህ ብዙ አይለዩም፤ ተጫዋቹ ሠራተኛም ስለ ነበረ ከቡድኑ መባረር እንጀራውን መነጠቅ ነው፤ ይህም ኃላፊዎችን ለምሕረት ያደላ ልብ ሰጥቷቸዋል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ የሠፈር ኳስም ወደ ቀበሌ ገባ። ቀበሌው ሜዳውንና ኳሱን፣ እስር ቤቱንና ጠመንጃውን በአንድነት ይዞ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቀይ ሽብር ሲነድ የጠብ ታሪክ ያለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ትርጉሙን አጣ፤ መሣሪያ የያዘውና የወጣቱን ፋይል የሚጽፈው አንዱ አካል ነበርና። በዚያ ዘመን «ወንጀለኛ» ተብሎ የታሰረ ልጅ እጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ያሰረው ግን ላይሆን ይችላል።

ከደርግ በኋላም መዝገቡ ሙሉ በሙሉ አልጠራም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ሥራ የሌለውን ወጣት በተጠረጠረበት ዋስትና ነፍጎ ለማሰር የሚያስችል ነበር። ያ «ዱርዬ» የሚለው የአባቶቻችን ስድብ በነጋሪት ጋዜጣ ታተመ ብል አላጋነንኩም። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ከምርጫው ብጥብጥ በኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሠፈሮች በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ወደ ዴዴሳና ወደ ሌሎች ካምፖች ተጋዙ። እነዚያ ልጆች ኋላ ወደ ሜዳቸው ተመለሱ። ከመካከላቸው አንዱን «ታስሮ ነበር» ብሎ የሚያልፈው መልማይ በደል ላይ በደል ይጨምራል። ስለዚህ «ፋይሉን አይቶ መፍረድ ነው» ለሚሉ ባልደረቦቼ የታሪክ መልሴ ይህ ነው፤ የመዝገብ ቃል የእጅ ሥራን ሁልጊዜ አይነግርም። ሰው ሳይመታ የታሰረ አለ፤ ሰው መትቶ ያልታሰረም ብዙ አለ። ይልቁንም የሚመታው ሚስቱን ወይም እጮኛውን ከሆነ፣ ለረዥም ጊዜ ነገሩ በመዝገብ ላይ የሚሰፍርበት መንገድ እንኳ ጠባብ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅ የጠለፈው ሰው ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር፤ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት በራሱ ስም በወንጀል ሕጋችን የተጻፈው በ1996ቱ ሕግ ነው። እንግዲህ በአሮጌው ዘመን «ምንም ጥፋት የለበትም» ተብሎ የተመሰከረለት ስንቱ ተጫዋች በቤቱ ምን እንዳደረገ የሚነግረን ወረቀት የለም።

ሕጉን ካነሣሁ ዘንድ፣ አንድ መልካም ነገሩን ሳልናገር አላልፍም። የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949ኙ ሕግ፣ ተከትሎትም የ1996ቱ ሕግ፣ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ወደ ሙሉ መብቱ የሚመለስበትን በር ከፍተዋል። በጽኑ እሥራት የተቀጣ እንደ ሆነ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት 2 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በመልካም ጠባይ መኖሩን ካሳየ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በሚቻለው መጠን ከካሰ፣ ፍርድ ቤት ጥፋቱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ማዘዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንግዲህ የሕጋችን መንፈስ «አንድ ጊዜ የመታ ለዘለዓለም መቺ ነው» አይልም፤ ጊዜ፣ ጠባይና ካሣ ይጠይቃል። የእኛ ቡድኖች ከሦስቱ የትኛውን ይጠይቃሉ? ጊዜውን አይጠብቁም፤ የውድድሩ ዘመን ይጀምራልና። ጠባዩን በልምምድ ሜዳ ላይ ያያሉ። ካሣውን ግን ማንም አያነሣውም።

እዚህ ላይ ከኳስ ወጣ ብዬ ስለ ሁለት የአገር ልማዶች ልናገር፤ የክርክሬ እምብርት እዚህ ነውና።

አንደኛው ልማድ ሽፍታን በሹመት መያዝ ነው። ቋራ በረሃ የሸፈተውን ካሣ ኃይሉን እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በጦር ቢያቅታቸው ግዛት ሰጡት፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችንም ዳሩለት። የሹመቱ ዋጋ ግልጽ ነው፤ ጉልበትህን ለእኛ አድርግ፣ ያለፈውን አንጠይቅህም። በዚህ ውል ውስጥ የተዘረፈው ነጋዴና ከብቱ የተነዳበት ገበሬ ስፍራ የላቸውም። ውሉ በጉልበተኛውና በሿሚው መካከል ብቻ ነው። ካሣም አልተያዘም፤ ሿሚዎቹን አንድ በአንድ አሸንፎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የንጉሡን ታላቅነት ለማሳነስ አይደለም ይህን ማለቴ፤ የውሉን ባሕርይ ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ልማድ ሽምግልና ነው። በአማራው አገር ደም ማድረቅ፣ በኦሮሞው ዘንድ ጉማ ይባላል፤ የዛሬው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ከተማ ሳይደርስበት በፊት በዚያ ምድር የኖሩት ሰዎች የሚያውቁት ሥርዓት ነው። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ያደረገውን በአፉ ይናገራል፤ ካሣው ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል። ከሁሉ በላይ የተበዳይ ወገን በስፍራው ተቀምጦ ይሰማል፤ ያለ እርሱ «ይቅር ብያለሁ» እርቁ አይጸናም። የዋሱ ነገር ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ዋስ ማለት ስለ ሰውየው ጥሩ ነገር የሚመሰክር ማለት አይደለም፤ ሰውየው ዳግም ቢያጠፋ ከራሱ ንብረት የሚከፍል ማለት ነው።

ስመለከተው፣ ክለቦቻችን ጠበኛውን ተጫዋች ሲያስፈርሙ የሚከተሉት የመጀመሪያውን ልማድ ነው። ተሰጥኦው እንደ ጉልበት ተቆጥሮ፣ ፊርማው እንደ ሹመት ይሰጠዋል። በእጁ የሚይዘው መልቀቂያ ለቀድሞው ክለብ ዕዳ የሌለበት መሆኑን ያረጋግጣል፤ ጥርሱን ለሰበረው ልጅ ወይም ፊቷን ላበላሻት ሴት ዕዳ ያለበት መሆኑን አይጠይቅም። ገንዘብ ቤት የሚቀጠር ወጣት አሻራ ይሰጣል፣ ዋስ ይጠራል። የዚያው ገንዘብ ቤት ቡድን አጥቂ ሲያስፈርም ዋሱ ማን ነው?

«ኳስ ካልያዘው ማን ይይዘዋል?» የሚለው የአሠልጣኞች ክርክር በመላው ዓለም የሚሰማ ነው፤ የሚናቅም አይደለም። በተለይ በአሜሪካ፣ እነርሱ ፉትቦል በሚሉት ጨዋታ፣ ቡድኖች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በተራ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ የነበረው ላውረንስ ፊሊፕስ የቀድሞ ጓደኛውን ክፉኛ ደበደበ፤ እርሷም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። አሠልጣኙ ቶም ኦዝበርን ለስድስት ጨዋታ ካገዱት በኋላ መለሱት፤ ክርክራቸውም በሕይወቱ ያለው ብቸኛ ሥርዓት ቡድኑ ነው የሚል ነበር። ልጁ ያለ ወላጅ እንክብካቤ ያደገ ስለ ሆነ ቃላቸው ባዶ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት የሴንት ልዊሱ ራምስ ከአገሩ ሁሉ ስድስተኛ አድርጎ መረጠው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አሰናበተው። ከቡድን ቡድን ሲዘዋወር ቆይቶ በተደጋጋሚ ጥቃት ከ30 ዓመት በላይ ተፈረደበት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በእስር ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሞቱ ነገር ብቻ አይደለም። ቡድኑ ልጁን እይዛለሁ ሲል የያዘው እግሩን ነበር፤ እግሩ ሲደክም እጁን ለቀቀው። ያቺ ተማሪስ በየሳምንቱ በዚያው ግቢ የደብዳቢዋን ስም ከሕዝብ አፍ ስትሰማ ማን ዋስ ሆናት?

ከዚህ የተለየም አለ። የስኮትላንዱ ደንከን ፈርግሰን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 ለሬንጀርስ ሲጫወት የሬይዝ ሮቨርስን ተከላካይ በቴስታ መታው። ቀደም ሲል በሌሎች ጠቦች የተቀጣ ስለ ነበር ፍርድ ቤቱ የሦስት ወር እሥራት ፈረደበት፤ 44 ቀን ታሰረ። ኤቨርተን ከእሥራቱ በፊት ገዝቶት ነበር፤ ሲፈታም ተቀበለው፤ ብዙ ዓመት ተጫወተለት፤ ኋላም በዚያው ክለብ አሠልጣኝ ለመሆን በቃ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሌሎቹ የሚለየው ነገር ዕዳው በሁሉ ፊት የተከፈለ መሆኑ ነው፤ ፌዴሬሽኑ ቀጣው፣ ፍርድ ቤቱም ቀጣው፣ ታሰረ፣ ወጣ። በአንጻሩ የብራዚሉ በረኛ ብሩኖ የልጁን እናት በማስገደል እ.ኤ.አ. በ2013 ከ22 ዓመት በላይ ተፈርዶበት ሳለ፣ በ2017 ይግባኙ እስኪታይ በተለቀቀ ጊዜ ቦአ ኤስፖርቴ የተባለ ትንሽ ክለብ ወዲያው አስፈረመው። የሟቿ አስከሬን እንኳ አልተገኘም ነበር። ማስታወቂያ የሚሰጡት ድርጅቶች አንድ በአንድ ከክለቡ ሸሹ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ፍርድ ቤቱ ወደ እስር ቤት መለሰው። እዚያ ክለቡን ያሳፈረው ሕሊና ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ገንዘብ ነው። የእኛም ሊግ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በዲኤስቲቪ በመላው አፍሪካ መታየት ከጀመረ ወዲህ ይህ ዓይነቱ እፍረት ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ወደ አገራችን ልመለስ። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያ ጋር ሲጫወት፣ ዋናው ዳኛ ለመከላከያ ግብ አጸደቀ። የወልዋሎ ተጫዋቾችና የቡድኑ ኃላፊ ኳሱ መስመሩን አላለፈም በማለት ዳኛውን በሜዳው ላይ እያሳደዱ ደበደቡት። ፌዴሬሽኑ በማግሥቱ ውድድሩን ላልተወሰነ ጊዜ አቆመ። በዚያ የውድድር ዘመን በዳኞች ላይ የደረሰው ጥቃት ይህ ብቻ አልነበረም።

ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቹ ያንን ምስል አይተውታል። በሙያችን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ የምሰጠው ድብደባው ራሱ ከባድ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ የጠብ ታሪክ የሚለውን ነገር ከሠፈር ወሬ አውጥቶ ሁሉ በሚያየው ስፍራ ስላስቀመጠው ነው። ነፋስ ስልክ ላይ ማን ማንን እንደ ወጋ መልማዩ «አላውቅም» ሊል ይችላል። ዳኛ በስታዲየም፣ በካሜራ ፊት ሲደበደብ ግን «አላውቅም» የሚል ክለብ የለም። ሆኖም የውይይቱ አብዛኛው ስለ እገዳው ርዝመት፣ ስለ ገንዘብ ቅጣቱና ስለ ሊጉ መቀጠል ሆነ። የዳኛው ስፍራ በዚያ ክርክር ውስጥ በሽፍታውና በሿሚው ውል መካከል እንደ ጠፋው ገበሬ ያለ ነበር። ከእገዳ የሚመለስ ተጫዋች ለአዲሱ ክለብ ከመፈረሙ በፊት ያንን ዳኛ ፊት ለፊት ቀርቦ ያደረገውን በአፉ ይናገር የሚል ደንብ በመጽሐፋችን የለም። የእገዳው ቀን ሲያልቅ ጉዳዩም ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ዳኛ ለዚያው ተጫዋች ቢጫ ካርድ ሲያወጣ እጁ ቢንቀጠቀጥ ሊፈረድበት ነው?

በበኩሌ እንዲህ ያለውን ተጫዋች ፈጽሞ አታስፈርሙ የሚለውን ወገን አልከተልም። ምክንያቴን ከላይ ተናግሬአለሁ፤ መዝገባችን ዱርዬውንና ገራሙን ለመለየት የማይታመን ሆኖ ስለ ኖረ፣ በሩን የዘጋነው እንደ ሆነ መጀመሪያ ውጭ የሚቀሩት ድኾቹና በስሕተት የታሰሩት ናቸው፤ ብልሁና ወገን ያለው ጠበኛ መግቢያ አያጣም። ደግሞም የ19 ዓመት ልጅ በ30 ዓመቱ ያው ነው ብሎ መፍረድ እኛ አሠልጣኞችና መምህራን ከምንኖርበት ሥራ ጋር ይጣላል። ልዩነት ላድርግ ብል ግን፣ በሜዳ ትኩሳት አንድ ጊዜ ቡጢ የሰነዘረውንና ደካማ መርጦ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ደጋግሞ የሚመታውን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም። ሁለተኛው በአብዛኛው በሜዳ ላይ ጨዋ ነው፤ ቀይ ካርድም ላያይ ይችላል። ስለዚህ የካርድ ቁጥር እያየን ጠባይ መረመርን ብንል ራሳችንን እናታልላለን።

የምለው ይህ ነው። ክለብ እንዲህ ያለውን ወጣት ሲወስድ ሿሚ መሆኑ ይቅርና ዋስ ይሁን። ዋስ መሆን ደግሞ ዋጋ አለው። የተጎዳው ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅን ይጠይቃል፤ ስሙን ለጋዜጣ ለማውጣት አይደለም፤ ካሣው መከፈሉን ከራሱ ወይም ከራሷ አፍ ለመስማት ነው። ፈቃደኛ ካልሆኑ ማስገደድ የለም፤ በኮከብ ተጫዋችና በደጋፊ ብዛት የተከበበች ሴት «ይቅር በይ» ተብላ የምትሰጠው ቃል እርቅ አይባልም። የሽምግልናው ልማድ በዚህ በኩል ራሱ ጉድለት እንዳለበት መካድ አያስፈልግም፤ ሴቲቱን ትቶ ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር የታረቀበት ጊዜ ብዙ ነው። ከፊርማው ገንዘብ ውስጥ ካሣው አስቀድሞ ይቆረጥ። ተጫዋቹ ዳግም ቢያጠፋ ክለቡ የሚከፍለው መቀጮ በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። በእርግጥ በዚህ ዋጋ ብዙ ክለብ «ይቅርብኝ» ይላል። ይበል፤ ለሰውየው ዋስ መሆን የማይፈልግ፣ ለካ የፈለገው እግሩን ብቻ ነበር።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ የፍርድ ቤት ሥራ ነው፣ አሠልጣኝ ዳኛ አይደለም ይሉኛል። እውነት ነው፤ ፍርድ ቤት ያለውን ይበል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የሚወስነው ሰውየው ከእስር ይውጣ አይውጣ ነው፤ በእሑድ ከሰዓት በኋላ በሺህ ሰው ፊት ይጨብጨብለት አይጨብጨብለት የሚለውን የምንወስነው እኛ ነን። ጭብጨባ ደግሞ የተበዳዩ ቤት ድረስ ይሰማል። ጎፋ ላይ ልጇ በቴስታ ተመትቶ አፍንጫው የተሰበረ እናት፣ መቺው በሬዲዮ ሲሞገስ ብትሰማ የምታጠፋው ሬዲዮኑን ብቻ ነው፤ ወደ ክለቡ ሄዳ የምታመለክትበት መስኮት የለም።

መልማዮቻችን በየክረምቱ ወደ ነፋስ ስልክ ሜዳዎች ሲወርዱ ይህ መስኮት ከእነርሱ ቢጀምር ይቀላል። «ትንሽ ኃይለኛ ነው» ሲባሉ «ማንን?» ብለው ቢጠይቁ በቂ መጀመሪያ ነው። የሠፈሩ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ የተመታውም ልጅ ብዙ ጊዜ ከሜዳው ዳር ቆሞ ጨዋታውን እያየ ነው።